ልብስ ያለ ሶፍትነር እንዴት ይለሰልሳል?

የሳቢያኗ እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የቧንቧ ውሃችን ኖራ ስለሚበዛበት ያጠብኩት ሁሉ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ፎጣው ገላ ይፍቃል። የልጄ ሽንት ጨርቅ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ይቆማል። ሶፍትነር ስጠቀም የልጁ ቆዳ ቀላ፣ ስለዚህ ተውኩት። የማጥበው በእጅ ነው፤ በደረቅ ሳሙናም በዱቄትም። እጣቢውን ለፓፓያና ለሎሚ ዛፎቼ ነው የምደፋው። ልጁንም ዛፉንም የማይጎዳ መላ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መምህር፦
እህቴ፣ ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ደረቅ ሳሙና እነዚህን ሲያገኝ ውሃ የማያሟሟው ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ሳፋሽ ጠርዝ ላይ ክብ ሠርቶ የሚቀረውን ልብ ብለሽው ታውቂያለሽ? ጨርቁ ላይ ተለጥፎ የሚያደርቀውም እሱ ነው። አረፋ አልወጣም ብለን ሳሙና ስንጨምር ዝቃጩን እንጨምራለን።

ለፎጣና ለሽንት ጨርቅ ደረቅ ሳሙናውን ተዪው። የዱቄቱ እንደዚያ አይረጋም። ሶፍትነሩን መተውሽም ደግ አደረግሽ። ሶፍትነር ክሩን በስስ ቅባት ስለሚሸፍነው ጨርቁ ውሃ መምጠጥ ይቀንሳል፤ የሽንት ጨርቅ ሥራ ደግሞ መምጠጥ ነው።

እትዬ፦
ልጄ፣ አቼቶ ግዢ። መጀመሪያ ልብሱን ሳሙናው እስኪለቅ ሁለቴ አለቅልቂ። ከዚያ በመጨረሻው ማለቅለቂያ፣ 10 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ አንድ የቡና ሲኒ አቼቶ ጨምሪና አሥር ደቂቃ ዘፍዝፊው። ጨምቀሽ አስጪ። ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል።

ቅደም ተከተሉን አትለውጪ። ሳሙናው ሳይለቅ አቼቶ ከገባ ሳሙናው ወደ ቅባትነት ይመለስና ጨርቁ ይዝለገለጋል። ደግሞ አደራሽን፣ አቼቶና በረኪና በአንድ ሳፋ እንዳይገናኙ! የሚወጣው መርዛም ጋዝ ነው። ሕፃን ባለበት ቤት ይህንን ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም።

ባለ ሱቁ፦
እኔ የምለው ውሃውን ራሱን ከሥር ማከም ይሻላል። 10 ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ አሽ (የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ሶዲየም ካርቦኔት) አሟሚና አሳድሪው። ኖራው ታች ይዘቅጣል። ጠዋት ሳትበጠብጪ ከላይ ያለውን ንጹሑን ቅጂና እጠቢበት። ሳሙናም በጣም ይቆጥባል። ለሱፍና ለሐር ግን አይሆንም፣ እጅሽንም በጓንት ሸፍኚ።

የሳቢያኗ እናት፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ ሶዳው ለዛፎቼስ?

ባለ ሱቁ፦
የሶዳውን ውሃ ዛፍ ሥር አትድፊው። ሶዲየም አለበት፤ ዝናብ በሚያጥርበት አገር አፈር ውስጥ ተጠራቅሞ አፈሩን ያጠነክረዋል።

መምህር፦
ልክ ነው፣ የዱቄት ሳሙና የመጀመሪያ እጣቢም እንደዚያው ነው። ለፓፓያው የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ብቻ ስጪ። እዚያ ውስጥ ያለችው ትንሽ አቼቶ ምንም አትልም፤ ኖራማው ውሃ ራሱ አሲዱን ያበርደዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ያዢ። አቧራውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ይፍሰስ፣ ቀጥሎ ያለውን በበርሜል አጠራቅሚ። የዝናብ ውሃ ኖራ ስለሌለው ሶዳም አያስፈልገው።

የደብረ ታቦር ልጅ፦
እንዶድ እንዴት ተረሳ? እናቴ ጋቢና ነጠላ በሌላ ነገር አታጥብም። የደረቀውን ፍሬ ወቅጣ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፣ አረፋ እስኪደፍቅ ትመታዋለች፣ በጨርቅ ታጠልለዋለች። አረፋውን የሚሠራው ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው፤ ከኖራ ጋር እንደ ሳሙና አይረጋም። የጥጥ ልብስ በእሱ ታጥቦ እንዴት እንደሚለሰልስ ያየ ያውቀዋል።

ግን መርዝነት አለው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉትም ይህንኑ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለመግደል መዋሉ ከዚያ መጣ። ዓሣም ይገድላልና እጣቢው ወንዝ አይግባ። ስትወቅጪ አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ፍሬውን ከልጅ አርቂ። ለሽንት ጨርቅ ግን እኔ አልደፍርም። ለጋቢ ይሁን።

ከጀርመን፦
እዚህ የሳሙናው ካርቶን ላይ ለለስላሳ፣ ለመካከለኛና ለጠንካራ ውሃ ስንት እንደሚጨመር ለየብቻው ይጻፋል። አገር ቤትም እንዲህ ቢጻፍ እንዴት በጠቀመ። ማሽን ያላችሁ አቼቶውን ሶፍትነር የሚገባበት ቦታ አድርጉት፤ የማሽኑን ጎማ እንዳይበላው ግን በየእጥበቱ አይሁን።

እትዬ፦
አሰጣጡንም እንዳትረሺ። ከመስጣትሽ በፊት እያንዳንዱን ጨርቅ ይዘሽ ጧ ጧ እያደረግሽ አራግፊው። የድሬ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ አታቆዪው፤ ነፋስ ያለበት ጥላ ይበልጣል። ንፋስ ሲያወዛውዘው ክሩ እርስ በርሱ አይጣበቅም። ትንሽ እርጥበት ሲቀረው አውርጂ፣ በሁለት እጅሽ አሸት አሸት አድርጊው፣ መልሰሽ አስጪ። ሽንት ጨርቁን ተኩሺው፣ ካውያውም ያለሰልሰዋል።

የሳቢያኗ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ እስካሁን የደረቁት ፎጣዎችስ ይመለሳሉ ወይስ ይጣሉ?

መምህር፦
ኧረ አትጣያቸው! ለብ ባለ ውሃ፣ እትዬ ባሉት የአቼቶ መጠን ላይ አንድ ሲኒ ጨምረሽ አንድ ሰዓት ዘፍዝፊያቸው። እሺያቸውና በንጹሕ ውሃ አለቅልቂ። ውሃው ከደፈረሰ የቆየው ዝቃጭ እየለቀቀ ነው፣ ድገሚው። ዝናብ ያጠራቀምሽ ቀን የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በእሱ አድርጊው።