ወንድሜ ከጂንካ መጣ፤ ግቢው ሁሉ ፈራ፤ ምን ላድርግ?

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)፣ ህዳር 9

ጤና ይስጥልኝ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ ጂንካ የቀን ሥራ ሲሠራ ቆይቶ ትናንት ማታ እኔ ዘንድ ገባ። ከዚያ የተነሣው ህዳር 7 ነው። ህዳር 5 ቀን 2018 ጤና ሚኒስቴር ማርበርግ የሚባለው በሽታ ጂንካ ላይ መገኘቱን ሲናገር አብረውት የሚሠሩት በየአገራቸው ተበተኑ፤ እሱም ተነሣ። ልጁ ደህና ነው። አያተኩሰውም፣ አያስመልሰውም። በልቶ እንቅልፉን ተኛ።

ግቢያችን ውስጥ አምስት ተከራዮች ነን። ሽንት ቤቱ አንድ፣ ቧንቧውም አንድ ነው። ዛሬ ጠዋት ከየት እንደመጣ ሲሰማ ሁሉም በሩን ዘጋ። አከራያችን እትዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን «እስከ ማታ ይውጣልኝ፣ እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ» አሉኝ። ልጄንም ከትምህርት ቤት «ለጊዜው ቤት ትቆይ» ብለው መለሱብኝ። ሁልጊዜ ቡና የሚጠራሩት ጎረቤቶቼ ዛሬ አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም።

እሱ ደግሞ ተሸማቆ «ሰው ከማስቸግር መሐል ሜዳ እማዬ ጋ ልሂድ» ይላል። የእኔ ቤት አንድ ክፍልና ትንሽ ጓዳ ናት። ልልቀቀው? እኔና ልጄስ እንያዛለን? ላስቀረው ብል በዚህች ቤት እንዴት አድርጌ ልለየው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።


ሾፌሩ (ሸዋ ሮቢት)

እህቴ፣ አትልቀቂው። የመሐል ሜዳን መንገድ አውቀዋለሁ። ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ጣርማ በር ታጥፎ መንዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ቢያተኩሰው መሃል መንገድ ላይ ማን ይረዳዋል? እናትሽም ትልቅ ሰው ናቸው። ባለበት ይቆይ። እናትሽ የሚልኩት ነገር ካለ እኔ አመጣልሻለሁ።


ሲስተር (ደብረ ብርሃን)

ነርስ ነኝ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ይህ በሽታ እንደ ኮሮና በትንፋሽ ከሩቅ የሚጋባ አይደለም። የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ምራቅ፣ ላብና ከመሳሰለው ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው። ያ ፈሳሽ ያረፈበት አንሶላና ልብስም ያስተላልፋል። ምልክት ያላሳየ ሰው ግን ለሌላው አያስተላልፍም። ስለዚህ ትናንት ማታ አብራችሁ ስለበላችሁ አንቺም ልጅሽም አልተያዛችሁም።

ታዲያ ለምን ይለያል ትይኝ ይሆናል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት ሳያሳይ ከ2 እስከ 21 ቀን ሊቆይ ይችላል። ሲጀምር በድንገት ነው። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ቁርጥማት። በሦስተኛው ቀን ገደማ ተቅማጥና ትውከት ይከተላል። አንዳንዱ ከአምስተኛው ቀን በኋላ መድማት ይጀምራል። ልጁ የሚለየው፣ ምናልባት ቢያተኩሰው እንኳን ሰው መሃል ሳለ እንዳይሆን ነው። ከጂንካ የወጣው ህዳር 7 ከሆነ 21 ቀኑ ህዳር 28 ይሞላል። ያንን ቀን ግድግዳው ላይ ጻፉት። ማብቂያው የሚታወቅ ነገር ለእሱም ለጎረቤትም ይቀላል።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ቡና አፍይና አጠገቡ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። ጠይቂው፤ የታመመ ሰው አስታሞ ነበር? አስከሬን ገንዞ ወይም ተሸክሞ ነበር? እዚያ ሳለ ጤና ተቋም ገብቶ ነበር? የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ ውስጥ ገብቶ ያውቃል? (ቫይረሱ የሚኖረው ፍሬ በሚበሉ የሌሊት ወፎች ላይ ነው።) እንደ ፖሊስ አትጠይቂው። የፈራ ሰው ይደብቃል፤ ከደበቀ ደግሞ ማናችንም ልንረዳው አንችልም።

መልሱ ምንም ይሁን ምን 8335 ደውይ። ነጻ መስመር ነው፤ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው የሚያነሣው። ይዘሽው ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ እንዳትቀመጪ። መጀመሪያ ይደወላል፤ ከዚያ እነሱ የሚሉሽን ታደርጊያለሽ።

ቤቱን በተመለከተ፤ ጓዳዋን ለእሱ ልቀቂለት። ፍራሹ፣ ሳህኑ፣ ኩባያው፣ ፎጣው ለብቻው ይሁን። ጉርሻ ለ21 ቀን ይቅር። ምግቡን ደፍ ላይ አኑሪለት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ለእጅ ከሳሙና የተሻለ ነገር አትፈልጊ። ብርዱን አትርሺ፤ የህዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ሁለት ብርድ ልብስ ለብቻው ስጪው እንጂ የጋራ ጋቢ አትለዋወጡ።

ከፋርማሲ ቴርሞሜትር ግዢ። ጠዋትና ማታ ራሱ ይለካ፣ ደብተር ላይ ይጻፍ። ከመለካቱ በፊት ፓራሲታሞል አይውሰድ፤ ትኩሳቱን ይሸፍንበታል። 38 ከደረሰ ማንም አይንካው፣ ወዲያው ደውይ። ያተኮሰው ሁሉ ማርበርግ ነው ማለትም አይደለም። ከቆላ የመጣ ሰው ወባ ሊይዘው ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ይመሳሰላል። ይህን መለየት የምርመራ ሥራ ነው፤ አንቺ ቤት ውስጥ አትገምቺ።

እውነቱን አልደብቅሽም፤ እስካሁን የጸደቀ ክትባትም፣ ለይቶ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ግን ቶሎ ሕክምና የደረሰ ሰው በሚሰጠው ፈሳሽና ክትትል የመዳን ዕድሉ ይጨምራል። ባለፉት ወረርሽኞች በአማካይ ከተያዘው ግማሹ ይሞት ነበር። በ2017 መግቢያ ላይ ሩዋንዳ ውስጥ ግን 66 ሰው ተይዞ የሞተው 15 ነው። ቶሎ መናገር ሕይወት ነው የምለው ለዚህ ነው።


ጋሼ ከአንኮበር

አይዞሽ ልጄ። አያቴ የህዳር በሽታን አይታለች። በ1911 ዓ.ም. ነው፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው የተነሡበት። «ቀባሪ ጠፋ» ትለን ነበር። ሰው ከአዲስ አበባ እየሸሸ ወደ ዘመዱ ወጣ፤ በሽታውም አብሮት ወጣ። እስከ ዛሬ ህዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ «ህዳር ሲታጠን» የምንለው ያንን እያሰብን ነው። ስለዚህ ልጁን ወደ እናቱ አትስደጂው የሚለውን እኔም እላለሁ።

ደግሞ ጓዳውን አጥኚው። ከሰል አቀጣጥለሽ ወይራ ጨምሪበት፣ መስኮቱን ዝጊና ጢሱ ይታፈን። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይብላ። ጸበልም ይጠጣ።


ሲስተር (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ ስለ አያትዎ የነገሩን ልቤን ነካው። ፌጦውና ነጭ ሽንኩርቱ ቢበላ አይጎዳውም፤ ቫይረሱን ግን አይከለክልም። ጸበሉም ቤቱ ድረስ ይምጣለት፤ ሰው ወደተሰበሰበበት አይሂድ። ከሰሉን ግን እለምንዎታለሁ። ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። መርዙ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ነው የሚወስደው። ለዚህ ልጅ መስኮቱ ሲከፈትለት ነው የሚሻለው።


ጋሼ ከአንኮበር

ገባኝ ልጄ። ከሰሉ ይቅር።


ተመላሹ (ሞላሌ)

ይህን ሳነብ የራሴ ታሪክ መጣብኝ። በ2012 ከዓረብ አገር ስመለስ የኮሮና ጊዜ ነበር። 14 ቀን ተለይቼ ቆየሁና ነጻ ነህ የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱን የሚያይልኝ ግን ጠፋ። በስልክ የተስማማሁት አከራይ በር ላይ ቆሞ «ቤቱ ተይዟል» አለኝ። ሦስት ሌሊት ሦስት ቦታ አደርኩ። ከየት እንደመጣሁ ለማንም አልተናገርኩም። በሁለተኛው ሌሊት ራሴን ሲያመኝ እንኳን ዝም አልኩ፤ እንደገና የሚወስዱኝ መስሎኝ።

እስቲ አስቡት። በሽታው ኖሮብኝ ቢሆን ሦስት ቤት ላዳርሰው ነበር። ያውም ያደረሰኝ ፍርሃት እንጂ ክፋት አይደለም።

እትዬን ይህን ንገሪያቸው። ዛሬ ማታ ቢያስወጡት ልጁ አይጠፋም። ሌላ ግቢ ይገባል፣ የሌላ ሰው ሽንት ቤት ይጠቀማል፣ ከየት እንደመጣም አይናገርም። አሁን ግን የት እንዳለ ይታወቃል፣ ሙቀቱ ይታወቃል፣ ስልኩ ይነሣል። ለልጅ ልጆቻቸው የሚሻለው የትኛው ነው?


የሁለት ልጆች እናት (ደብረ ሲና)

እኔ አከራይዋን አልወቅስም። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ማታ ልጆቼን ታቅፌ የምተኛ ሰው ነኝ፤ «አያስተላልፍም» ስለተባልኩ ብቻ አልረጋጋም። የሚያረጋጋኝ ሳይደበቅ ሲነገረኝ ነው። እህቴ፣ ጎረቤቶችሽን በየበራቸው ሄደሽ ራስሽ ንገሪያቸው። የመጣበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የደወልሽበትን ሁሉ። ሰው ሲያንሾካሹክ ነው የሚፈራው።


የጠባሴዋ፣ ህዳር 11

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቡና አፍልቼ ጠየቅሁት። መጀመሪያ «ምንም የለም» አለ። ሁለተኛው ላይ ተናገረ። ተከራይቶ ከሚኖርበት አጠገብ አንድ ሰው ሞቶ ለቅሶ ደርሶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ቆሎ በልቶ ወጣ። አስከሬን አልነካም፣ አልተሸከመም። ሰውየው በምን እንደሞተ አያውቅም። ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። ትናንት የለቅሶውን ነገር ብናገር ታስወጪኛለሽ ብሎ ፈርቶ ነበር።

ደወልኩ። ያለውን ሁሉ ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጤና ባለሙያዎች በእግራቸው መጡ፤ ግርግር የለም፣ ጩኸት የለም። ደጅ ላይ ቆመው በትሕትና አነጋገሩት። እዚሁ ይቆይ፣ በየቀኑ እንደውላለን አሉ። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ሰሙ። ጥያቄም ጠየቁ። ሲጨርሱ «እሺ፣ ይቆይ» ብለው ገቡ።

የቀረኝ ጥያቄ የሽንት ቤቱ ነው። ጎረቤቶቼ አሁንም እሱ ላይ ነው የሚጨነቁት። የልጄ ትምህርትም አለ። እናታችንም ልምጣ እያለች አስቸግራኛለች።


ሲስተር (ደብረ ብርሃን)

ስለነገርሽን ደስ አለኝ። ለቅሶውን መናገሩ ትልቅ ነገር ነው።

ደህና እስከሆነ ድረስ ሽንት ቤቱን ቢጠቀም ማንንም አያሲዝም። ግን ለጎረቤት ልብ ማረፊያ በር ላይ ጀሪካን ውሃና ሳሙና አኑሩ፤ ሲገባም ሲወጣም ይታጠብ። ተጠቅሞ ሲወጣ እጀታውንና ወለሉን በበረኪና ውሃ ያብስ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እዪ። ከሌላ ማጽጃ ጋር፣ በተለይ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳይደባለቅ፤ መርዛም ጋዝ ያወጣል። በሰው ላይም አይረጭ። ልጁ ላይ እንርጭበት የሚል ቢመጣ እንቢ በይ፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል እንጂ ጥቅም የለውም።

ካተኮሰው ወይም ካስመለሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ሽንት ቤት አይሂድ። በባልዲ ይጠቀም፣ ባልዲውን ማንም አይድፋ፣ አንቺም አታጽጂ። ደውለሽ ጠብቂ። ይህ ይከብዳል፤ ወንድምሽ ሲያስመልሰው ቆሞ ማየት ለእህት ከባድ ነው። ግን በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚያዙት ያስታመሙና የገነዙ ናቸው።

ለትምህርት ቤቱ ከጤና ባለሙያዎቹ ደብዳቤ ጠይቂ። ልጅሽ የታመመ ሰው አልነካችም፤ ቤት የምትውልበት ምክንያት የለም።


ሾፌሩ (ሸዋ ሮቢት)

እናትሽን በስልክ እያናገርሽ አረጋጊያቸው። ነገ በመሐል ሜዳ አልፋለሁ። የሚልኩትን ተቀብዬ በርሽ ድረስ አደርሳለሁ።


የጠባሴዋ፣ ህዳር 13

ትናንት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል አንድ ጎረቤቴ መጥታ «የልጁን ሻንጣና ልብስ አብረን እናቃጥለው» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ያሳቀፈችኝ እንጨት ራሱ የእሷ ነበር። እትዬ ናቸው «ቆይ፣ ባለሙያ ይጠየቅ» ያሏት። ሌላው ደግሞ እማዬ በሾፌሩ በኩል ባናዋን ላከችለት፤ ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ የነበረ የመንዝ ባና ነው። አሁን ለብሶት ነው ያለው። ሙቀቱ ዛሬ ጠዋት 36.4 ነው።

28 ሲሞላ ባናው ይቃጠል? ወይስ ለእማዬ መመለስ ይቻላል?


ሲስተር (ደብረ ብርሃን)

ምንም አይቃጠል፤ ሻንጣውም፣ ልብሱም፣ ባናውም። የታመመ ሰው ፈሳሽ አልነካውም። እስከ 28 ደህና ከሆነ ባናውን በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት። ባና ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ህዳር 30 ራሱ ለብሶት ወደ እናቱ ይሂድ።