የጀልባዬ ስፒዶሜትር ዜሮ ላይ ተኝቶ ቀረ፣ ፊውዙ ደህና ነው

የጣና_ነጂ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ያለሁት ባህር ዳር ነው፣ አንዲት የፋይበር ጀልባ አለችኝ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከኋላ የተንጠለጠለባት፣ እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል አመላልስባታለሁ። አገልግላ ከውጭ የገባች ናት። ክረምቱን ሁለት ወር ዳር ላይ ወጥታ ከረመችና መስከረም ላይ ውሃ ሳስገባት የስፒዶሜትሩ ቀስት ዜሮ ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ትበራለች፣ እሱ ተኝቷል። አርፒኤሙ (የሞተሩን ዙር የሚያሳየው) ይሠራል፣ ማታ የስፒዶሜትሩ መብራት ራሱ ቦግ ይላል። ፊውዝ ቀየርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ (ባትሪው ለነገሩ የሚሞትበት ጊዜም ደርሶ ነበር)፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ሽቦ አንድ በአንድ በቴስተር ለካና "ሽቦህ ጤነኛ ነው፣ ጌጁ (የስፒዶሜትሩ መለኪያ ራሱ) ተቃጥሏል አዲስ ግዛ" ብሎኝ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። አዲሱ ደግሞ እዚህ አይገኝም ከውጭ ሰው መለመን ነው። ገንዘቤን ከመበተኔ በፊት የሚያውቅ ካለ እስቲ አንድ በሉኝ

ካቻቢቴ፦
ቆይ እንዳትገዛ። ከጌጁ ጀርባ ከሽቦዎቹ ሌላ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶበታል ወይ? የእስክሪብቶ ቀፎ የምታህል። እሱን እይና ንገረኝ

የጣና_ነጂ፦
አዎ አለ! ጥቁር ቱቦ ነው። ኤሌክትሪሺያኑም አይቶት "ይሄ የሽቦ ሥራ አይደለም እኔን አይመለከተኝም" ነው ያለኝ። እየተከተልኩት ስሄድ ከኋላ ከጀልባዋ ታች የተበየደች የምትመስል ጥቁር ፕላስቲክ ጋ ደረሰ፣ እኔ እኮ እሷን እስከዛሬ የዓሣ መፈለጊያ ምናምን ትመስለኝ ነበር 😅

ካቻቢቴ፦
በቃ ችግርህ እዛ ነው ከመቶ ዘጠናው እጅ። የአንተ ስፒዶሜትር ከባትሪ ጋር ምንም ዝምድና የለውም ወንድሜ፣ ኤሌክትሪኩ አምፖሉን ለማብራት ብቻ ነው፣ ለዛ ነው መብራቱ እየበራ ቀስቱ የማይሠራው። ያቺ ጥቁር ፕላስቲክ ፒቶ ትባላለች፣ ከፊቷ መርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር አላት፣ ጀልባዋ ስትሮጥ ውሃው በሽንቁሯ እየተገፋ ይገባና በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ይጫነዋል፣ ጌጁ ያንን ግፊት ነው ወደ ፍጥነት ቀይሮ የሚያሳይህ። ማለትም ጌጅህ የጎማ ንፋስ መለኪያ ማለት ነው ፊቱ ላይ የፍጥነት ቁጥር ተጽፎበት። አንዳንድ ሞተር ላይ ሽንቁሯ ራሱ ሞተሩ እግር ላይ ከፊት በኩል ናት ያንተ ግን ለብቻ የተለጠፈች ነች ስለዚህ ቀላል ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ። ጀልባዋን ዳር አውጣና መጀመሪያ ቱቦውን ከጌጁ ላይ ንቀል፣ ይሄን ሳታደርግ ምንም እንዳትነፋ። ከዛ ወደ ኋላ ሂድና ሽንቁሯን በቀጭን ሽቦ ጎርጉራት፣ የጊታር ቀጭኗ የብረት ክር እንደ ልክ ናት፣ ወፍራም ምስማር ምናምን ካስገባህባት ሽንቁሯ ይሰፋና ንባቡ ይበላሻል። ከዛ ከጌጁ ጫፍ በብስክሌት መንፊያ ወደ ታች ንፋ (ባህር ዳር ብስክሌት መንፊያ ጠፋ አትበለኝ መቼም)፣ ሌላ ሰው ከኋላ እጁን ሽንቁሯ ላይ ያድርግ፣ አየሩ ከመጣለት መንገዱ ክፍት ነው። ካልመጣ ወይ ጭቃው አልወጣም ወይ ቱቦው መሃል ላይ ተሰንጥቋል።

ጎሚስታ ጋ ወስደህ በኮምፕሬሰር እንዳታስነፋው በእናትህ። አንድ ደንበኛዬ ቱቦው ጌጁ ላይ እንደተሰካ ከታች በኮምፕሬሰር አስነፍቶ ቀስቱ ዞሮ ዞሮ ማቆሚያዋን አልፎ ታጥፎ ቀረ። ለምን መሰለህ፣ በሰዓት 10 ማይል ላይ ሽንቁሯ ላይ ያለው ግፊት 1.5 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት የግፊት መለኪያ) ገደማ ነው፣ 20 ላይ ወደ 6፣ 30 ላይ 13። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ ከ100 በላይ ይዞ ይመጣል። ለዚህም ነው ይሄ ዓይነት ጌጅ በዝግታ ስትሄድ የማይንቀሳቀሰው፣ ከወደቡ ገና ስትወጣ ዜሮ ቢልህ ጤነኛም ቢሆን ዜሮ ነው የሚልህ።

ጌጁን ለብቻው ለመሞከር ከፋርማሲ ሲሪንጅ ግዛና አጭር ቱቦ አገናኝተህ ቀስ አድርገህ ግፋው፣ ቀስቱ ከተነሳና ሲሪንጁን ይዘህ ስትቆይ እዛው ከቆመ ጌጁ ሰላም ነው፣ ተነስቶ ቀስ እያለ ከወረደ ውስጡ ያፈሳል ወይ ቱቦህ በደንብ አልተሰካም

የሚኒሶታዋ፦
ካቻቢቴ ጨርሶታል እኔ አንዲት ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ሐይቁ ሁሉ በክረምት በረዶ ስለሚሆን ቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ረግቶ ይሰነጥቀዋል፣ የባለቤቴ ጀልባ ላይ ሁለት ዓመት ተከታታይ ደርሶብናል ከዛ ወዲህ ከመሸፈናችን በፊት ቱቦውን ነቅለን እንነፋዋለን። ጣና በረዶ የለም ግን ፀሐዩ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ሁለት ወር ዳር ላይ ተቀምጣ የቱቦው ጫፍ ደርቆ እንደ ማካሮኒ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ ጠምዘዝ አድርገህ እየው፣ ስንጥቅ ካለው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቆርጠህ መልሰህ ስካው ከዛ በትንሽ ፋሼታ እሰረው

ስልክ_ይበቃል፦
ኧረ ምን አስጨነቃችሁ በ2018 ዓ.ም. ስለ ቱቦ! ስልክህ ላይ የጂፒኤስ ስፒዶሜትር አፕ ጫንና ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፈው አለቀ። ደግሞ ከዛኛው ይልቅ ትክክል ነው

ካቻቢቴ፦
ትክክልነቱስ ልክ ነህ። ግን ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይታይም፣ ስልኩ ግሎ ይጠፋል፣ ውሃ ሲረጭበት ደግሞ የስልክ ጥገና ጥያቄ ይዘህ ትመጣለህ 😂 ሌላው ጂፒኤስ የሚለካው ከመሬት አንጻር ነው፣ ፒቶ ከውሃው አንጻር። ሐይቁ መሃል ልዩነት የለውም፣ ወራጅ ያለበት ቦታ፣ እንደ አባይ መውጫው አካባቢ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ለማመሳከሪያ ግን አሪፍ ነው፣ የጣና ነጂ ስትጨርስ በስልክህ አስተያየው

የጣና_ነጂ፦
ቤተሰብ ተሠራልኝ!! ዛሬ ጠዋት እሁድ ስለሆነ ሥራ አልነበረኝም፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አወጣናት። ሽንቁሯ ጨርሶ የለችም ነበር ማለት ይቻላል፣ ጭቃ ገብቶባት እንደ ሸክላ ደርቋል፣ በላዩ የእምቦጭ ሥር ተጠምጥሞበታል፣ ጸጉር ይመስላል። ክረምት ሲገባ እኮ ግልገል አባይ የሚገባበት አካባቢ ውሃው ቡና ነው የሚመስለው፣ ከማውጣቴ በፊት በዛ በኩል ነበር ስመላለስ የነበረው። በጊታር ክር ሩብ ሰዓት ጎረጎርናት፣ ወንድሜ ሲነፋ መጀመሪያ ምንም፣ ከዛ "ጡሽ" ብሎ አንድ የጭቃ ፍንጣሪ ፊቴ ላይ 😂 የሚኒሶታዋም ብሮ ልክ ነህ የቱቦው የላይኛው ጫፍ ተሰንጥቆ ነበር ቆርጬ መልሼ ሰካሁት።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። ውሃ ላይ ሞክሬያት ቀስቱ ተነሳ ደስ አለኝ ግን ይዋሻል። ፀጥ ባለ ውሃ ላይ ሁለታችን ብቻ ሆነን እየነዳን እሱ 18 ሲል ስልኩ 29 ይላል። ሽንቁሯን አሰፋኋት ይሆን? ወይስ አሁንም ቱቦው ያፈሳል?

የሚኒሶታዋ፦
ብሮ ሳይሆን እህትህ ነኝ 😄 ስሜ ላይ "ዋ" አለ እኮ። እስቲ ጌጁ ፊት ላይ ከቁጥሮቹ በታች በትንንሹ ምን ተጽፏል?

የጣና_ነጂ፦
ይቅርታ እህቴ 🙏 ኤም ፒ ኤች ይላል

ካቻቢቴ፦
18ን በ1.6 አባዛው

የጣና_ነጂ፦
28.8... ኧረ ማይል ነው ለካ!! ሦስት ዓመት ሙሉ ለእንግዶቼ "በ18 ኪሎ ሜትር ነው የምንሄደው" ስል ኖሬያለሁ