ከጦርነት የተፈናቀሉ ተማሪዎችን በተስፋ ማበርታት

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የ6ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ መካከል ከወለጋ ተፈናቅለው በመጠለያ የሚኖሩ አሉ። አንዲት ልጅ በር በኃይል ሲዘጋ ዴስክ ሥር ትገባለች፤ «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ስትባል ደግሞ ዝም ትላለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ በምን መንገድ ተስፋ እንድታደርግ ልርዳት?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የሩቁን ጥያቄ ለጊዜው ይተዉት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቻርልስ ስናይደር ተስፋን የተነተነው ግብን፣ ወደ ግቡ የሚያደርሱ መንገዶችንና «እችላለሁ» የሚል ተነሳሽነትን ያጣመረ አስተሳሰብ አድርጎ በመሆኑ፣ በልምምድ ሊዳብር የሚችል ነገር ነው። ከሳምንት የማያልፍ ግብ ራሷ ትምረጥ፤ ለምሳሌ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ሊሆን ይችላል። ካቃታት ምን ሌላ መንገድ እንዳለ አብራችሁ አስቡ፤ በእኔ እምነት ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መልስ፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ልጅቷ ደኅንነት ሳይሰማት ስለ ግብ ማውራት አይጠቅማትም። ከበሩ ራቅ አድርገው ያስቀምጧት፣ ደወል ሊደወል ሲል አስቀድመው ይንገሯት፣ ያየችውን እንድትተርክም በፍጹም አያስገድዷት።

መልስ፦ ድንጋጤዋ ካልቀነሰ ወይም እንቅልፍ የምታጣ ከሆነ፣ ከአሳዳጊዋ ጋር ተመካክረው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል እንድትሄድ ያድርጉ፤ ይህን ሸክም መምህር ብቻውን ሊሸከመው አይገባም።