የጣሊያን ታንኮቼ ቀለም አልይዝ አሉ፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር የደምበጉይናን ውጊያ በጠረጴዛ ላይ ልንጫወት እየተዘጋጀን ነው። ለማያስታውስ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ውስጥ ደምበጉይና መተላለፊያ ላይ ጣሊያንን የገጠመበት ነው። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ታንኮቹ ናቸው፤ ኤል 3 የሚባሉት ትንንሾቹ፣ በ1/72 ልኬት (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሱ ሞዴሎች)። ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ።

አካላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሰንሰለታቸው ግን እንደ ጎማ ይታጠፋል፤ ማጣበቂያም ቀለምም አይቀበልም። አካሉ ላይ የቀባሁትም በጥፍር ሲነካ ይነሳል። መትረየሶቹ ደግሞ ገና ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት ፍሬም ሳላወጣቸው ተሰበሩ። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚነፋው መሣሪያ) የለኝም፣ ብሩሽ ብቻ ነው። ቀለማቸውስ ምን ዓይነት ነበር? አንዱ አረንጓዴ ይለኛል፣ ሌላው ቡኒ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ምን ቀለም ነው የቀባኸው? ከሥሩ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው) አለው ወይስ በባዶው ፕላስቲክ ላይ ነው?

ጠያቂ፦
የሥዕል አክሪሊክ፣ በባዶው ላይ። ሳላጥበው ነው የቀባሁት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
በቃ ተገኘ። ፕላስቲክ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት ይዞ ነው የሚመጣው፤ የእጃችን ላብም ይጨመርበታል። ለብ ባለ ውኃና በላርጎ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሸው። አለቅልቀህ ራሱ እስኪደርቅ ተወው፤ በጨርቅ ብትወለውለው ብናኝ ይለጠፍበታል። ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም። አክሪሊክ ልሙጥ ፕላስቲክ ላይ በራሱ አይቆምም።

አሁን ያለውን ቀለም ለማንሳት ደግሞ አሴቶን እንዳትነካ! ታንኩንም ይዞት ይሄዳል። የሚላጠውን ላጠው፤ የቀረውን በስሱ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አለስልሰው።

ሌላ ነገር፣ ለዘመድህ ስፕሬይ ቀለም እንዳታዝ። ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ በሻንጣ አያስገቡትም። በውኃ የሚቀጥነው በጠርሙስ ያለው ግን ችግር የለበትም።

ከአዳማ፦
እኔ ዕድሜዬን መኪና ስቀባ ነው የኖርኩት፤ የልጅ ልጄ ነው ይህን የጻፈልኝ። ፕራይመር ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግህም ልጄ። ሶማሌ ተራ ሂድ፣ ግራጫ የመኪና ፕራይመር በስፕሬይ ታገኛለህ። ነገር ግን ውስጡ ቲነር አለ። አንዴ አርጥበህ ከነፋኸው ፕላስቲኩን ይበላዋል። ስለዚህ ጭጋግ የመሰለ ስስ ነገር ንፋ፣ ይድረቅ፣ ድገም። የመጀመሪያው ዙር እንዲሸፍን አትጠብቅ። መጀመሪያ በማትፈልገው የፍሬም ቁራጭ ላይ ሞክረው።

ርቀቱ አንድ ስንዝር ከምናምን ይሁን። ከዚያ ከራቅህ፣ በተለይ በበጋ፣ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይወርዳል። በክረምት ደግሞ ዝናብ እየዘነበ አትንፋ። እርጥበት ከገባበት ላዩ ነጭ ይሆናል። ሲጋራም እሳትም ሳይኖር፣ ደጅ ላይ፣ አፍህን ሸፍነህ።

አንድ ሕግ ያዝ፦ በቲነር የሚቀጥነው ከታች፣ በውኃ የሚቀጥነው ከላይ። አክሪሊክ ላይ የመኪና ቀለም ብትደርብ ይሸበሸባል።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገውኑ ሶማሌ ተራ እወርዳለሁ። ሰንሰለቱስ?

ከፍራንክፈርት፦
ሰንሰለቱን ለእኔ ተወው፤ ስንቱን አስለቅሶኛል። ያ የሚታጠፈው ፕላስቲክ ሌላ ዓይነት ነው። የፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚሠራው ሁለቱን ጎን አሟሙቶ በማዋሃድ ነው፤ ይሄኛው ግን አይሟሟለትም። በዚህ ልኬት የሚሸጡት ለስላሳ ወታደሮችም እንደዚያው ናቸው፣ ያንተ ጣሊያኖችም ሳይሆኑ አይቀሩም።

እኔ የማደርገው ይኸው። በሳሙና አጥባለሁ። ጫፍና ጫፉን በክር እሰፋዋለሁ፣ ስፌቱም ከጭቃ መከላከያው ሥር ይደበቃል። ጎማዎቹ ላይ በሱፐር ግሉ ጠብታ ጠብታ አድርጌ እይዘዋለሁ። ከዚያ የአናጢ ኮላ፣ ነጩን፣ በውኃ አቅጥኜ ሁለመናውን እቀባዋለሁ። ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይሆናል፤ አብሮ ይተጣጠፋል፣ ቀለምም ይይዛል። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ። ተንከባሎ እንዲሄድ አትድከም፤ ለጨዋታ የሚሆን ታንክ ሰንሰለቱ ቢደርቅ ነው የሚሻለው።

ለመትረየሶቹ ስፒል ቁረጥ። ኤል 3 ባለ ሁለት አፈሙዝ መትረየስ ነው፣ ስለዚህ ሁለት እኩል ቁራጭ። ስፒሉን በሻማ አግለህ ፕላስቲኩ ላይ ቀዳዳ ክፈትና ሱፐር ግሉ አድርገህ ትከል። እንግዲህ እጅ ይወጋል እንጂ አይሰበርም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የስፒሉ ነገር ጥሩ ነው፣ ግን ጫፉን አሞርድ። እኛ ጋ አንዱ እጁን ወግቶት ጨዋታው ተቋርጧል።

ከመቀሌ፦
ወደ ቀለሙ ልምጣ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ አይቶ «ይሄ አረንጓዴ ነው» የሚል ሰው አትመን። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን ኤል 3 በሁለት መልክ ይታወቃል፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ ያዘለ ቡኒ ላይ አረንጓዴ ጠቃጠቆ። ጓደኞችህ ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ነው። እኔ ብሆን ጠቃጠቆውን እመርጣለሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ከሩቅ ይለያል፣ የብሩሽ ስህተትም ይሸሽጋል።

ከሳጥኑ ጋር የሚመጡትን ተለጣፊዎች ግን ተጠንቀቅ። ባለ ቀለም አራት ማዕዘን የሻምበል ምልክት ካለ አትለጥፈው። እሱ ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጣ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ደግሞ ጠቃጠቆውን አልመክርም። እውነተኛው ታንክ 3 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ በ1/72 አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። እዚያ ላይ በብሩሽ ጠቃጠቆ ሲበዛ ምን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቀለም ቀብቶ፣ ጠርዞቹን አፍክቶ፣ አቧራ መጨመር ይበልጣል።

ከመቀሌ፦
ይሁንልህ። ግን አራት አምስት ትልልቅ ነጠብጣብ ብቻ ቢያደርግ ምን ይለዋል? በየትኛውም መንገድ ቀለሙን ከሚያስበው አንድ ደረጃ ያፍካው። ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ይጠቁራል።

ከአዳማ፦
አቀባቡን ልጨምር። ቀለሙን በውኃ አቅጥን፣ ወተት እስኪመስል። ሁለት ሦስት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ወፍራሙ ሪቬቶቹን (ብረቱን ያያያዙትን የምስማር ራሶች) ይደፍናቸዋል፣ እነሱ ከጠፉ ደግሞ የታንኩ መልክ ሄደ።

ከፍራንክፈርት፦
ልክ ነው ጋሼ። ቀለሙ ሲደርቅ ጥቁር ቡኒ በጣም ቀጭን አድርገህ ሪቬቶቹ ዙሪያና ስንጥቆቹ ውስጥ አፍስስ፤ የተረፈውን በደረቅ ብሩሽ ጥረገው። ከዚያ ደረቅ ብሩሽ ላይ ትንሽ ፈካ ያለ ቀለም ይዘህ ጠርዞቹን ዳበስ። ሰንሰለቱና የታችኛው ክፍል ላይ ቀላ ያለ የአቧራ ቀለም። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ቸኩሎ ይዘለዋል።

ጠያቂ፦
ሁሉም ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በጨዋታው የተመታና የተማረከ ታንክ እንዴት ላሳይ? ጓደኛዬ ጥጥ ጭስ አድርገን እንለጥፍ ይላል።

ከመቀሌ፦
ጥጡን ለተቃጠሉት አድርገው። ኤል 3 የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሱ ወደ ፊት ነው፣ ወደ ጎን የሚንቀሳቀሰውም ጥቂት ነው። የእኛ ሰዎች ከጎንና ከኋላ እየቀረቡ ነው ያጠቁት። ስለዚህ የጨዋታውም ሕግ ይህን ይከተል፤ ከፊት የሚሄድ ይጎዳ፣ ከኋላ የደረሰ ይማርክ። ለተማረከው ክዳኑን ከፍተህ ለጥፍና ሁለት ሐበሻ ወታደር አጠገቡ አቁም።

ከፍራንክፈርት፦
አንድ ታንክ ብቻ ክዳኑን ሳትለጥፍ አስቀር። ሲማረክ ትከፍተዋለህ። ከሥራቸው ደግሞ ሮንዴላ ለጥፍ፣ ክብደት ይሰጣቸዋል። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ልታጓጉዛቸው ከሆነ ግን በሮንዴላው ፈንታ ትንሽ ማግኔት አድርግ፤ ቆርቆሮውን ይዞ አይንቀሳቀስም። ቫርኒሹ በደንብ ሳይደርቅ ክዳን አትዝጋበት፣ ይጣበቃል።