ምግቡን ጾምኩ፣ ልቤን ግን ምን ላድርገው? (ስለ ነቢያት ጾም)

የማታ ፈረቃ (ሜሪላንድ)፣ ኅዳር 20 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለጾመ ነቢያት አደረሳችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ወሬዬ ግን ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ኅዳር 15 ሲገባ ከሥጋና ከቅቤ ተላቀቅሁ። ይሄ ብዙም አያስቸግረኝም። እዚህ አገር አሁን የማይገኝ የጾም ነገር የለም። የአጃ ወተት አለ፣ የአትክልት በርገር አለ፣ ቪጋን የሚል ከተለጠፈበት አይስክሬሙም ይበላል። ሐሙስ ዕለት ታንክስጊቪንግ ተጠርቼ ሰው ሁሉ ተርኪውን ሲቆርጥ እኔ ድንችና ፎሶልያ በልቼ ወጣሁ፣ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ሳልል አልቀረሁም። ቤት ስገባ ግን ያው እኔው ነኝ። እረፍት በሆንኩበት ሌሊት ስልኬን ይዤ ቲክቶክ ላይ ይነጋል። ከታላቅ እህቴ ጋር በቤተሰብ ቤት ጉዳይ ተኳርፈናል፣ እሷ አዲስ አበባ ናት፣ ስሟን ስልኬ ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል።

የምሠራው ነርሲንግ ሆም ነው፣ ሌሊት። እሑድ ጠዋት ስወጣ ቅዳሴ ተገብቷል፤ ብደርስም ቆሜ ነው የምተኛው።

በዐቢይ ጾም እንዲህ አይሰማኝም። እዚያ ስግደቱ አለ፣ ሕማማቱ አለ፣ ራሱ ይጎትታል። የገና ጾም ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ከተማው መብራትና ቅናሽ ብቻ ነው፣ ልጆቼ ዛፍ ዛፍ ይላሉ፣ የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ መጥቶ ሲያልፍ እኛ ገና ጾም ላይ ነን፣ እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ዛፉን አውጥቶ ጥሏል።

እናንተ ልባችሁን በምን ታዘጋጃላችሁ? እባካችሁ «ጸልዪ» ብቻ እንዳትሉኝ፣ እሱን አውቃለሁ። በተግባር ምን ታደርጋላችሁ?

---

ዲያቆን ነኝ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን ይሄን ጾም የምንጾመው ስለገባ ብቻ ነው።

ነቢያቱ የጾሙት ያላዩትን እየጠበቁ ነው። ኢሳይያስ «ሰማዮችን ቀድደህ ምነው ብትወርድ» ሲል (64፥1) የሰለቸው ሰው ንግግር ነው የሚመስለኝ፣ ጥበቃ ያደከመው ሰው። ስለዚህ የዚህ ጾም ዋና ሥራ መጠበቅ ነው። አንቺ ደግሞ ፀጥ ያለ ስለሆነብሽ ባዶ መሰለሽ። መጠበቅ ያው ፀጥ ያለ ነገር ነው።

ጾሙ 44 ቀን ነው። 40ው የነቢያት፣ ሦስት ቀን ተጨማሪ አለ፣ የመጨረሻዋ የገና ዋዜማ ገሃድ ናት። ከታኅሣሥ 7 በኋላ ደግሞ ዘመኑ ራሱ ስም ይለውጣል። ሦስት እሑዶች አሉ፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ዘንድሮ ስብከት ታኅሣሥ 12 ይውላል፣ ብርሃን ታኅሣሥ 19 ከገብርኤል ጋር ገጥሟል፣ ኖላዊ ታኅሣሥ 26 ነው። የየእሑዱ ምስባክ (በቅዳሴ ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) ልመና ነው። ስብከት ላይ «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ይባላል፣ እጅህን ከላይ ላክ ነው። ብርሃን ላይ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»፣ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ። ኖላዊ ላይ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምእ»፣ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ። ሦስቱም ና እያሉ ነው የሚጣሩት።

በተግባር ካልሽኝ፣ እኔ የሳምንቱን አንዷን መስመር ይዤ ነው የምዞረው። ታክሲ ወረፋ ላይ፣ ሊፍት ውስጥ፣ መብራት ሲጠፋ። አንቺም ሌሊት ሰው ስታገላብጪ ልትያት ትችያለሽ፣ መጽሐፍ መግለጥ አይጠይቅም። እስከ ታኅሣሥ 7 ድረስ ደግሞ ኢሳይያስን አንብቢ። ሙሉውን ልጨርስ ብለሽ አትነሺ፣ ምዕራፍ 7፣ 9 እና 11ን ደጋግመሽ ብታነቢ ይበቃል፣ ሚክያስ 5ን ጨምሪበት። እና ስልኩን ከአልጋሽ አርቂው።

---

የጨርቆስ ልጅ

ዲያቆን ጥሩ ብሏል፣ እኔ ግን በእሱ አልጀምርም። መጀመሪያ እህትሽ ጋ ደውዪ።

ኢሳይያስ ከተነሣ አይቀር 58ን እናንብበው እንጂ። ሰዎቹ «ጾምን እኮ፣ ለምን አላየኸንም» ብለው ይከራከራሉ፣ መልሱ ለጥልና ለክርክር ነው የምትጾሙት የሚል ነው። ከዚህ በላይ ፊት ለፊት የሚናገር የለም። የቤቱን ጉዳይ ዛሬ ጨርሺ አላልኩሽም። ቤቱ በሽማግሌም ይፈታል፣ በፍርድ ቤትም ይፈታል፤ እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ ለማለት ግን ጠበቃ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ የአጃ ወተትሽ። ምንም ክፋት የለውም፣ ግን ጾሙ ከፍስኩ በላይ የሚያስወጣሽ ከሆነ እኔ አይገባኝም። እዚህም ያው ነው፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም በርገር፣ ዋጋው ከፍስኩ ጋር ሲፎካከር ታያለሽ። እዚያው 58 ላይ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ይላል፣ የምትቆርሺው እንዲተርፍሽ ግን መጀመሪያ ራስሽ መቀነስ አለብሽ። እኛ ቤት እናቴ በጾም የተረፈውን በሳምንት አንድ ቀን ለነዳያን ይዛ ትሄድ ነበር፣ ስለ ልብ ዝግጅት ስታወራ ግን አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።

አዲስ አበባም ብትሆኚ ከግርግሩ አታመልጪም በነገራችን ላይ። የገና ባዛሩ፣ የፕላስቲክ ዛፉ፣ የሳንታ ኮፍያ አድርጎ የሚዘል የማስታወቂያ ልጅ፣ ሁሉም እዚህ አለ።

---

ጣና ዳር

ይቅርታ በመሃል ገባሁ፣ ዓሣስ? እኛ ባሕር ዳር ስናድግ በዚህ ጾም ሲበላ ነው ያየነው። አሁን አይበላም የሚሉ በዝተዋል።

---

የጨርቆስ ልጅ

ወንድሜ የዓሣው ክርክር በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይመጣል፣ አንድም ቀን አልቆ አያውቅም። የንስሐ አባትህን ጠይቅና እሳቸው ያሉህን ያዝ። እዚህ ከጀመርነው የእህታችን ጥያቄ ተቀብሮ ይቀራል።

---

አልጋዬን አጥፌ (ቤሩት)

እኔ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ማዳም እረፍት ስትሰጠኝ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ሥጋ አልበላም ስላት መጀመሪያ የታመምኩ መስሏት ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች፣ ሩዝና ሰላጣዬን ዝም ብላ ታየኛለች።

ዲያቆን አትቀየሙኝ እንጂ ስልኩን አርቂ ያሉት ለእኔ አይሆንም። የእኔ ቤተ ክርስቲያን እሱ ነው። ውዳሴ ማርያም የየቀኑ ተከፍሎ የለ፣ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ፣ ልብስ ስተኩስ በጆሮዬ አዳምጠዋለሁ። እህቴ፣ ስልኩን ከመጣል ይልቅ መጀመሪያ የሚከፈተውን ነገር ቀይሪው። እኔ ጠዋት ውዳሴ ማርያም ሳልሰማ ሌላ ነገር አልከፍትም ብዬ ወስኛለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቲክቶክም ቢሆን እንደ ድሮው አይጠራኝም።

ማታ ደግሞ እሰግዳለሁ። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ታጣፊ አልጋዬን ካላጠፍኩ ግንባሬ መሬት አይደርስም። አጥፌ እሰግዳለሁ፣ መልሼ ዘርግቼ እተኛለሁ። ድካሙ አለ፣ ግን ያቺን ሰዓት ማንም አይነካብኝም። አንቺ ቤትሽ የራስሽ ነው፣ በጣም ብዙ ነገር አለሽ።

---

ከሶዶ እስከ ሮም

እንደምን አላችሁ። እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ወላይታ ሶዶ ተወልጄ አሁን ሮም ነው የምኖረው። እንግዳ ሆኜ ገባሁ፣ የልጆችሽ ነገር ነው የሳበኝ።

የእኛ አድቬንት፣ ገናን የምንጠብቅበት ጊዜ፣ ዘንድሮ ነገ እሑድ ይጀምራል፣ እናንተ ኅዳር ጽዮንን በምታከብሩበት ቀን ማለት ነው። አራት እሑዶች አሉት። ከቅጠል የተሠራ ክብ ጉንጉን ላይ አራት ሻማ ይቆማል፣ ሦስቱ ሐምራዊ፣ አንዱ ሮዝ። በየእሑዱ አንድ ይጨመራል፣ ሮዙ የሚበራው ሦስተኛው እሑድ ላይ ነው፣ የደስታ እሑድ ስለሆነ። ልጆች እኔ ልለኩስ እኔ ልለኩስ ብለው ይጣላሉ፣ ጸሎቱንም በዚያው ይማሩታል። ሌላው እዚህ ጣልያን ውስጥ የወደድኩት፣ የልደቱን ቤት በየቤቱ አስቀድመው ይሠራሉ፣ እረኞቹ፣ በጎቹ፣ ዮሴፍና ማርያም ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ግርግሙ ግን ባዶ ነው። ሕፃኑ የሚቀመጠው የገና ሌሊት ነው። ልጆቹ በየቀኑ እየሄዱ ያዩታል፣ መቼ ነው የሚመጣው እያሉ። የእናንተ ሥርዓት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ለሐሳብ ያህል ነው።

---

ዲያቆን ነኝ

ወንድሜ እንኳን መጣህ። ሥርዓታችን ውስጥ የሻማው ጉንጉን የለም፣ ግን ባዶ ግርግም ለልጅ ማሳየት መጠበቅን ማስተማር ነው፣ እኔ ችግር አይታየኝም። እህቴ፣ ሦስቱን እሑዶች ለልጆችሽ በወረቀት ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ፣ ዛፍ ሲሉሽ በዚያ ጀምሪላቸው።

ከቤሩት ለጻፍሽው እህቴ፣ በእርግጥ የእኔ ምክር ለአንቺ አይሠራም። አንቺ እኛን ምከሪን።

---

የማታ ፈረቃ

ኧረ ምን ልበላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአልጋዋ ነገር አስለቀሰኝ። ዲያቆን፣ ሦስት ቀን ተጨማሪ ያልከው ምንድን ነው? ሰምቼው አላውቅም።

---

ዲያቆን ነኝ

ይሄ ለአንቺ የተጻፈ ነው የሚመስለው፣ ስሚኝ።

ሦስቱን ቀን ከሐዋርያው ፊልጶስ ጋር የሚያያይዙት አሉ፣ ጾመ ፊልጶስ የሚባለውም ለዚያ ነው። ሌላው ታሪክ ከግብፅ ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን ፓትርያርኩ አብርሃም የሚባል ሶርያዊ ነበር። ገዢው ከሊፋ ጠርቶ «መጽሐፋችሁ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ካላችሁ ተራራ ይነሣላችኋል ይላል፣ እንግዲያው አሳዩኝ» አለው ይባላል። ካልሆነ ክርስቲያኑ ማለቁ ነው። ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾመ። በሦስተኛው ቀን እመቤታችን ለፓትርያርኩ ተገልጣ፣ ወደ ገበያው ውጣ፣ ውኃ የተሸከመ አንድ ዐይና ሰው ታገኛለህ፣ ተራራው የሚነሣው በእሱ ነው አለችው።

ሰውየው ስምዖን ነው፣ ቆዳ የሚሠራ ጫማ ሰፊ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ለአቅመ ደካሞችና ለሕሙማን ውኃ እየቀዳ ያድል ነበር። ኪርያላይሶን እያሉ ሲሰግዱ የሙቀተም ተራራ ተነሣ ይላል ታሪኩ። ዛሬም ካይሮ ውስጥ እዚያው ተራራ ላይ፣ ዓለቱ ውስጥ፣ በስሙ የተሠራ ገዳም አለ።

ጳጳሳቱ ነበሩ፣ መነኮሳቱም ነበሩ። እመቤታችን የጠቆመችው ግን ውኃ ቀጂውን ነው። አንቺ ሌሊቱን ሙሉ ለሽማግሌና ለአሮጊት ውኃ ስታጠጪ፣ ስታገላብጪ፣ ስታጥቢ ታድሪያለሽ፣ ከዚያ መጥተሽ ለገና ምንም አላዘጋጀሁም ትያለሽ። ሥራው ላይ ነሽ እኮ። የጎደለው አብሮት የሚሄደው ጸሎት ብቻ ነው።

---

የማታ ፈረቃ፣ ኅዳር 23

ለእህቴ ደወልኩላት። ቤቱን አላነሣንም፣ ስለ ጉንፋኗና ስለ ልጆቿ ትምህርት አወራን። ድምፅዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ የእኔም አይሻልም፣ ግን አልዘጋችብኝም። የጨርቆስ ልጅ፣ ደስ ይበልሽ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ነው፣ ይበላል አይደል? ደግሞ መቁረብ እፈልጋለሁ፣ ከቆረብኩ ቆይቻለሁ። ቅዳሴው የሚቀደሰው ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት ነው፣ እኔ ደግሞ ማክሰኞ ሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ።

---

ዲያቆን ነኝ

ገና ረቡዕም ዓርብም ቢውል ይበላል። ማክሰኞ ግን ገሃድ ነው፣ እሱን ጠብቂ። ለቁርባኑ አሁኑኑ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ፣ የገናን ሳምንት አትጠብቂ፣ ያኔ ሁሉም ሰው ይደውልላቸዋል። ሥራሽን ንገሪያቸው፣ ስለ ሰዓቱም ስለ ጾሙም እሳቸው ያሉሽን አድርጊ።

---

የቨርጂኒያው ሹፌር

የፈረቃውን ነገር ለእኔ ተዉት። ዲሴምበር 24 ሌሊት እዚህ አገር መሥራት የሚፈልግ ሰው የለም፣ አለቆቹ ሰው ፍለጋ ይለምናሉ። አንቺ ያንን ሌሊት እኔ እገባለሁ በያቸው፣ በለውጡ የጃንዋሪ 6ን ሌሊት ይስጡሽ። ግን በጽሑፍ ይሁን፣ በቃል ከሆነ ይረሱታል። እኔ ሆስፒታል ስሠራ እንደዚያ ነበር የማደርገው፣ እምቢ ብለውኝ አያውቁም። ከሥራ በቀጥታ አትሂጂ ደግሞ፣ ማክሰኞ ቀን ተኝተሽ ነይ።