ቱ ስትሮክ 125፦ የክራንኩ ዳዶ ሲፈታ ሞተሩ አብሮ ይዞራል

ዴዶ_መንገድ (ጅማ)

ሰላም ለቤቱ። ሞተር ሳይክሌ ያማሃ ዲቲ 125 ነው። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ውጭ ሳይፈስ ይጎድላል፣ በማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላውም ሲፈታ ዘይት ለብሷል። ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለውን የክራንክ (ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ) ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ልቀይር ነው። የቀኙን ክዳን ከፍቻለሁ። አሁን ሁለት ዳዶ ከፊቴ አለ፤ አንዱ የፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለያየው) መሃል ላይ፣ ሌላው በክራንኩ ጫፍ ትንሹን ማርሽ የያዘው። ቁልፍ ሳሳርፍባቸው ሁሉም ነገር አብሮ ይዞራል። የፋብሪካውን መያዣ ጅማ ውስጥ አላገኘሁም። «ካቻቢቴ በጥርሶቹ መሃል ሰክተህ ምታው» የሚል አለ፣ «በካንዴላ ቀዳዳ ገመድ አስገባ» የሚልም አለ። የትኛው ነው ሳይጎዳ የሚይዝልኝ? ፍሪሲዮኑን ገና አልነቀልኩም።

ቡሶላ_17

ፍሪሲዮኑን አለመንቀልህ በጀህ፤ እንዳለ ተወው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ፍሪሲዮኑን ጠራርጎ ያወጣና ወደ ክራንኩ ዳዶ ሲመጣ ትንሹን ማርሽ የሚያስደግፍበት ያጣል። መጀመሪያ የክራንኩን ዳዶ አላላ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን አውጣ። ሲገጠም ግልባጩ ነው፤ የክራንኩ ዳዶ መጨረሻ የሚጠብቀው የፍሪሲዮኑ ቤት ቦታው ከገባ በኋላ ነው።

ትንሹና ትልቁ (የፍሪሲዮኑ ቤት ላይ ያለው) ማርሽ በሚገናኙበት ቦታ ለስላሳ ብረት ታስነክሳለህ። መዳብ ይመረጣል፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚወፍር ቁራጭ ወይም የተጣጠፈ ወፍራም የመብራት ሽቦ ይበቃል። የድሮው 5 ወይም 10 ሳንቲም ናስ ስለሆነ ይሠራል፣ ግን ማግኔት አስጠጋበት፤ ከሳበው ውስጡ ብረት ነውና ለዚህ አይሆንም።

አሁን አቅጣጫው። በቀኝ በኩል ሆነህ ስታይ ክራንኩ ወደ ፊት ጎማ፣ ፍሪሲዮኑ ወደ ኋላ ጎማ ነው። የክራንኩን ዳዶ ወደ ግራ ስትፈታ መጋጠሚያው ላይ ጥርሶቹ ወደ ታች ይሄዳሉ፤ ስለዚህ መዳቡ ከላይ ይገባል። ስታጠብቅ ወደ ላይ ስለሚሄዱ ከታች ይገባል። በተሳሳተው በኩል ካስገባኸው ይተፋዋል እንጂ አይነክሰውም። «ሞከርኩት፣ አልያዘም» የሚሉት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት።

ካቻቢቴውን እርሳው። የማርሹ ጥርስ ላዩ የጠነከረ ስለሆነ አይታጠፍም፣ ይሸረፋል። ሸራፊው ዘይት ውስጥ ወድቆ ኩሽኔታ ይበላል። ካቻቢቴው ካመለጠ ደግሞ የአሉሚኒየሙን ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ እሱ ከዳዶው የበለጠ ያስወጣሃል።

ጉልበት ከማሳረፍህ በፊት ሁለት ነገር እይ። ዳዶው ሥር የታጠፈ ሮንዴላ ካለ ጆሮውን በመሮ ሙሉ በሙሉ አቅና። የዳዶው ጥርስ ደግሞ የቀኝ ይሁን የግራ አረጋግጥ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ይህ ዳዶ የግራ ጥርስ ነው፣ በተለመደው አቅጣጫ በታገልከው ቁጥር ታጠብቀዋለህ።

ጅሬን_ካቴና

ቡሶላ ያለው ልክ ነው፣ ግን የመዳቡ ዘዴ የሚይዘው ክራንኩንና የፍሪሲዮኑን ውጨኛ ቤት ብቻ መሆኑን ልጨምር። የመሃሉ ዳዶ የተጠለፈው ውጨኛው ቤት ላይ ሳይሆን የውስጡ እምብርት ላይ ነው። እምብርቱን ከቤቱ ጋር ያያዙት ዲስኮቹና ሞላዎቹ ናቸው፤ ዲስኮቹ ከወጡ ቤቱን ብታስረውም እምብርቱ ለብቻው ይዞራል።

እምብርቱን ለመያዝ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማርሽ አስገብቶ የኋላ ፍሬን መርገጥ ነው። ሰው ሁሉ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፤ ተሳስቷል። አንደኛ ማርሽ ጉልበት ያበዛል፣ ፍሬኑ ላይ የሚደርሰውም ያንኑ ያህል ይበዛል። እምብርቱ ላይ 60 ኒውተን ሜትር ብታሳርፍ፣ 2.8 በሆነ አንደኛ ማርሽ ፒኞኑ (ካቴናውን የሚነዳው ጥርስ) ላይ 168 ይሆናል፤ 0.9 በሆነ የመጨረሻ ማርሽ ግን 54 ብቻ። ስለዚህ የመጨረሻውን ማርሽ አስገባ፣ ጎማው መሬት ይንካ፣ ፔዳሉን ሌላ ሰው ይርገጥልህ ወይም በከመነዳሪ ቁራጭ እሰረው። በጎማው ሽቦዎች መሃል እንጨት አታስገባ፣ ይጣመማሉ። ሞተሩ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ያረጀ ካቴና ፒኞኑ ላይ ጠምጥመህ ጫፎቹን በሞርሳ ያዝ።

ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ከተጣሉ ዲስኮች መያዣ መሥራት ነው። መርካቶ አካባቢ ካሉ ጥገና ቤቶች የዚሁ ሞዴል ያለቀ አንድ የብረትና አንድ ባለ ቡሽ ዲስክ ለምን። የብረቱ ጥርስ ወደ ውስጥ ነው፣ እምብርቱን ይይዛል፤ የቡሹ ጥርስ ወደ ውጭ ነው፣ ቤቱን ይይዛል። ቡሹን ፋቀው፣ ሁለቱን ደርበህ ቦታቸው ላይ አስገባና ጥርሶቹ እንዲገጥሙ ምልክት አድርግ፣ አውጥተህ በትራፓኖ 6 ቦታ ብሳና በ5 ሚሊሜትር ብሎን እሰራቸው። የቡሹ ዲስክ አካል ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ብየዳ አትሞክር። ይህን አስገብተህ መዳቡን ማርሾቹ መሃል ስታደርግ እምብርቱም ቤቱም ክራንኩም አንድ ላይ ይታሰራሉ፣ ካምቢዮው ላይም ጫና የለም። ግን ልብ በል፤ የመሃሉን ዳዶ ስትፈታ የሚዞረው ትልቁ ማርሽ ስለሆነ የመዳቡ ቦታ ይገለበጣል፤ ለመፍታት ከታች፣ ለማጥበቅ ከላይ።

ቴስታታ

ፒስቶኑን ከላይ አግዶ ክራንኩን የሚያቆመውን ገመድ በተመለከተ፦ ለፎር ስትሮክ ደህና ዘዴ ነው፣ ለቱ ስትሮክ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው። በፎር ስትሮክ ካንዴላውን አውጥተህ ቀዳዳውን በጣት ዘግተህ ታዞራለህ፤ አየር ጣትህን ሲገፋ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው። ሌላው ዙር ላይ ካስገባኸው ገመዱ የተከፈተ ቫልቭ ይገፋል።

በቱ ስትሮክ የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች አሉ። ገመዱ በጭስ መውጫው መስኮት ካጮለቀ ፒስቶኑ ሲወጣ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ግድ ከሆነ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተህ ፒስቶኑ ከላይኛው ጫፍ 15 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ያለበትን ለካ፤ እዚያ ላይ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የሚወፍር የተጎነጎነ ናይለን ተጠቀም፣ ውጭ የሚቀረውን ጫፍ ቋጥረው። ሲባጎ ክሩ ይራገፋል፣ አይሆንም። ካንዴላ ቀዳዳ ላይ የሚጠለፈው የብረት ማቆሚያ ደግሞ የፒስቶኑን አናት በአንድ ነጥብ ስለሚመታ ሊበሳው ይችላል።

ዴዶ_መንገድ

አመሰግናለሁ። በኤሌክትሪክ መምቻ ቁልፍ ብፈታውስ? ማጥበቂያውስ ምን ያህል ይሁን?

ቡሶላ_17

ለመፍታት ይሠራል፤ ምቱ አጭር ስለሆነ አንዳንዴ ምንም ሳይያዝ ይለቃል። ለማጥበቅ ግን አትጠቀምበት፣ ልኩን አታውቀውም። በዚህ መጠን ያሉ ሞተሮች ላይ እነዚህ ዳዶዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ የራስህን ቁጥር ከሞዴሉ ማኑዋል ውሰድ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) ከሌለ ክንዱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ የ20 ኪሎ ክብደት ብታሳርፍ ወደ 60 ኒውተን ሜትር ነው። የፍሪሲዮኑ የሞላ ብሎኖች ግን አሉሚኒየም ውስጥ የሚገቡ ስለሆኑ ከ8 እስከ 10 ይበቃቸዋል፣ በመስቀል አቅጣጫ ቀስ በቀስ።

ፓራኦሊዮውን ከማውጣትህ በፊት ፊቱ ወዴት እንደሆነ ፎቶ አንሳ። የሚቀመጥበትን ቀለበትም በጥፍርህ ዳስሰው፤ የከንፈሩ መስመር ከቦረቦረው አዲሱም ያፈሳል። ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊት መዳቡን አውጣ፣ ፍርፋሪውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ ኪኩን (በእግር ማስነሻውን) በእጅህ ሦስት አራት ጊዜ ተጫን።