የኪስ ሽጉጥ ቀለህ እየነከሰች አስቸገረች፦ ሞላው፣ ጥይቱ ወይስ አያያዙ?

ቀጭን_ምላጭ፦

ሰላም ለቤቱ። ካሊበር .380 የሆነች የኪስ ሽጉጥ ናት። ባዶዋን 270 ግራም አካባቢ፣ አፈሙዟ 70 ሚ.ሜ.፣ ካዝናዋ 6 ጥይት ይይዛል። ያገለገለች ስለሆነች ከዚህ በፊት ስንት እንደተተኮሰባት አይታወቅም።

በሁለት ነገር ታስቸግራለች። አንደኛ፣ የተተኮሰው ቀለህ ተፈናጥሮ መውጣት ሲገባው ስላይዱ (ወደኋላና ወደፊት የሚመላለሰው የላይኛው ክፍል) ነክሶት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ወይም አምስተኛው ጥይት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ስላይዱ ወደፊት ሲመለስ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ሲቀረው ቀጥ ይላል። ይሄኛው የሚመጣው አፍንጫው ጎድጓዳ በሆነው ጥይት ነው፤ ድቡልቡሉን ግን እምብዛም አትጠላውም።

ትልቅ ሽጉጥ ላይ በዚሁ እጅና በዚሁ አያያዝ ምንም ችግር የለም። ስላይዱን ወደፊት የሚመልሰውን ሞላ ጠንከር ያለ ልግዛላት? ጥይት ጎርሳ ኪስ ውስጥ ስለመያዝስ ምን ትላላችሁ? ወደ .32 ወይም ወደ 6.35 ሚ.ሜ. ካሊበር መውረድ ይሻል ይሆን?

ሞላ_ቆጣሪ፦

ጠንካራ ሞላ አትግዛ። የመጀመሪያውን ችግር ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ትልቅ ሽጉጥ ላይ ስላይዱ ከባድ፣ ጉዞውም ረጅም ስለሆነ ትንሽ ጉልበት ቢባክንም የሚተርፍ አለ። የኪስ ሽጉጥ ላይ የሚተርፍ የለም። ስላይዱ ወደኋላ ሙሉ መንገዱን እንዲሄድ ከስር ያለው አካል በእጅህ ውስጥ ተተክሎ መቆም አለበት። አንጓህ ከላላ አካሉም አብሮ ወደኋላ ይሸሻል፤ ስላይዱ መጨረሻው ሳይደርስ ይመለሳል፤ ቀለሁም የሚያስፈነጥረውን ምት በደንብ ሳያገኝ መንገድ ላይ ይያዛል። ሞላውን ስታጠነክረው ጉዞው ይባስ ያጥራል።

አራተኛውና አምስተኛው ላይ መሆኑ ዝም ብሎ አይደለም። አንድ የ.380 ጥይት 9.5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስድስቱ 57 ግራም ናቸው። ያ የባዶዋ ሽጉጥ ክብደት አንድ አምስተኛ ነው። እየተኮስክ በሄድክ ቁጥር ሽጉጧ ትቀላለች፣ ስትቀል ደግሞ የበለጠ ትዘላለች። በዚያ ላይ ትንሿ ጣትህ መያዣ ስለሌላት ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጀታው መዳፍህ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይዞራል። ለካዝናው ስር የጣት ማሳረፊያ ያለው ክዳን የሚሸጥ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ግዛ። ከሞላ በፊት ብዙውን የሚያስተካክለው እሱ ነው።

አውራ ጣትህንም እይ። ትልቅ ሽጉጥ የለመደ ሰው አውራ ጣቶቹን ወደፊት ዘርግቶ ይይዛል። እዚህች ላይ የተዘረጋው ጣት ስላይዱን ይነካል፣ የነካው ደግሞ ያዘገየዋል። ጣቶቹን ወደታች እጠፋቸው። የደጋፊው እጅ ጣት ከአፈሙዙ ፊት እንዳያልፍም ተጠንቀቅ፤ 70 ሚ.ሜ. አጭር ነው፣ ጣት በቀላሉ ያልፈዋል።

ጥፋተኛውን ለመለየት እንዲህ አድርግ። ካዝናዎቹን 1 እና 2 ብለህ ምልክት አድርግባቸው። በእያንዳንዱ 30 ድቡልቡል ጥይት ተኩስና የተነከሰውን ከነካዝና ቁጥሩና ከነስንተኛነቱ ጻፍ። ችግሩ አንዱን ካዝና ብቻ ከተከተለ የካዝናው ሞላ ደክሟል፣ ወይም ከንፈሮቹ (ጥይቱን ከላይ የሚይዙት የካዝናው አፍ ጠርዞች) ተከፍተዋል። ሁለቱም ላይ ከታየ ሌላ ልምድ ያለው ሰው ይተኩስባት። በእሱ እጅ ከጠፋ መልሱን አገኘኸው ማለት ነው።

የመመለሻ ሞላዋን ግን በአዲስ ቀይረው፣ ፋብሪካው ባወጣው ልክ። ብዙዎቹ የዚህ መጠን ሽጉጦች አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት ሞላ አላቸው፤ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። መመሪያው ቁጥር ካስቀመጠ እሱን ተከተል፤ ካላስቀመጠ ከ500 እስከ 1000 ጥይት ባለው መቀየር ነው። ታሪኳ ለማይታወቅ ሽጉጥ ቆጠራው ከዛሬ ይጀምራል።

ካሊፐር፦

ሞላ_ቆጣሪ ያለው ልክ ነው፤ ግን ሁለተኛው ችግር ሌላ በሽታ ነው፣ አትቀላቅሏቸው።

ከምንም በፊት ካዝናውን አውጣ፣ ከዚያ ስላይዱን ስበህ ያዝና በዓይንህ እይ፣ ጎጆውን (አፈሙዙ ኋላ ጥይቱ ጎርሶ የሚቀመጥበትን) በትንሿ ጣትህ ዳብስ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው። ስላይዱን መጀመሪያ ስበህ ካዝናውን በኋላ ያወጣህ እንደሆነ አንድ ጥይት አጉርሰህ «ባዶ ናት» ትላለህ። ሰው የሚጎዳው በዚህች ስህተት ነው።

ባዶ መሆኗን ካረጋገጥክ በኋላ ፍታትና አፈሙዙን ብቻውን አውጣው። ጎጆው ወደላይ እንዲያይ አድርገህ አንድ ጥይት ልቀቅበት። በራሱ ክብደት «ጠቅ» ብሎ መግባት፣ ስትገለብጠውም በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት። መሃል ላይ ከቀረ ወይ ጎጆው ቆሽሿል ወይ ጥይቱ ልክ አይደለም። ይህ ፍተሻ የሚደረገው አፈሙዙ ከሽጉጡ ተለይቶ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ቀጥሎ ርዝመት። የ.380 ሙሉ ጥይት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ25.0 ሚ.ሜ. መብለጥ የለበትም። ድቡልቡሉ ወደዚህ ይጠጋል፤ ጎድጓዳው አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል፣ አፍንጫውም ደንዳና ነው። ትልቅ ሽጉጥ ላይ ጥይቱ ወደ ጎጆው የሚወጣበት መንሸራተቻ ዘርጋ ያለ ነው። እዚህ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ አጭሩ አፍንጫ ጠርዙን ይመታና ይቆማል። ከሦስትና ከአራት ዓይነት ጥይት የምትቀበለውን ምረጥላት፤ ከመረጥክ በኋላ በየጊዜው አትቀያይር። መንሸራተቻውን በሸካራ ወረቀት ልፋቅ የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ተወው። አንዴ ማዕዘኑ ከተበላሸ አዲስ አፈሙዝ ነው መፍትሔው።

ቀለህ የሚጎትተውን ጥርስ ስርም እይ። እዚያ የሚጠራቀመው ጥላሸት ጥርሱ የቀለሁን ጠርዝ እንዳይይዝ ይከለክለዋል፤ በጥርስ ማጽጃ እንጨት ይወጣል። ዘይት ስላይዱ በሚሄድባቸው መስመሮች ላይ አንዳንድ ጠብታ ይበቃል፣ አፈሙዙ ከስላይዱ ጋር በሚፋተግበት ላይም አንድ። መርፌው (ጥይቱን ከኋላ መትቶ የሚያቀጣጥለው) በሚመላለስበት ቀዳዳ ውስጥ ግን ዘይት አይገባም። የኪስ ብናኝ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ጭቃ ይጋገራል፣ መርፌው ይዘገያል፣ ጥይቱም «ጫ» ብሎ ይከሽፋል።

ሲከሽፍ ወዲያው አትክፈት። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግክ 30 ሰከንድ ጠብቅ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ድምፁ «ፍስ» ብሎ ከወትሮው ከደከመ ደግሞ መተኮስ አቁም፣ አራግፍ፣ አፈሙዙን አሳልፈህ እይ። እርሳሱ (ከቀለሁ ተለይቶ የሚወረወረው ጫፍ) ውስጥ ቀርቶ ከሆነ የሚቀጥለው ጥይት አፈሙዙን ይሰነጥቀዋል።

አፎት_አይረሳ፦

ስለ ኪስ ልመልስ። ጎርሳ የምትያዝ ከሆነ አፎት የግድ ነው፣ ምላጩንና የምላጩን ቀለበት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ኪሱ ለሽጉጧና ለአፎቷ ብቻ ይሁን። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ማስቲካ፣ ምንም አብሮ አይገባም። ምላጭ የሳበ ቁልፍ ይቅርታ አይጠይቅም።

አፎቱ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ሽጉጧን ቀጥ አድርጎ ያቆማታል። ያለ አፎት ኪስ ውስጥ ትገለበጣለች፣ እጅህ ሲገባ እጀታውን ሳይሆን አፈሙዙን ያገኛል። ስታወጣ አፎቱ ኪስ ውስጥ መቅረት አለበት፤ አብሮ ከወጣ ገጹ ለስልሷል ወይም ኪሱ ሰፍቷል ማለት ነው። ስትመልስ ግን ተቃራኒው ነው፦ አፎቱን ከኪስ አውጣ፣ ሽጉጧን እያየህ ክተታት፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ኪስ። ኪስ ውስጥ ያለ አፎት ላይ በጭፍን መክተት ጭንን ወደ አፈሙዝ ማስጠጋት ነው።

ሽጉጧ ከወደቀች ትባርቃለች ወይ የሚለውን በዓይነቷ ለይተህ አጣራ። የድሮዎቹ ትንንሽ 6.35ዎች መርፌውን የሚያግድ ነገር የላቸውም፤ እነሱን ጎርሰው መያዝ አይመከርም። አዲስ ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለትም አይደለም። ሩገር በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣትን ኤልሲፒ የተባለች የኪስ ሽጉጥ በዚያው ዓመት ጠርቶ ማስተካከል የጀመረው ጎርሳ ከወደቀች ልትባርቅ ስለምትችል ነበር፤ የተጠሩት መለያ ቁጥራቸው በ370 የሚጀምር ናቸው። ያገለገለች የሚገዛ ሰው የመለያ ቁጥሯን ከፋብሪካው ዝርዝር ጋር ሳያመሳክር ጥይት አይግዛላት።

በሳምንት አንዴ አራግፋትና ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ፤ አፈሙዙን፣ የምላጩን ዙሪያ፣ የካዝናውን አፍ። ላብ የሚነካት ከሆነ ዝገቱ መጀመሪያ የሚታየው ብሎኖቹና የማነጣጠሪያው ስር ላይ ነው።

ስድስት_ከሠላሳ_አምስት፦

ወደ ታች መውረዱን አልመክርም፣ ስሜ ምንም ቢል 😀

ብራውኒንግ 6.35ን በ1905 እ.ኤ.አ. ሲያወጣት ለጃኬት ኪስ ታስባ ነው። ጥቅሟ ካፕሱሉ (ማቀጣጠያው) ቀለሁ መሃል ላይ መሆኑ ነው። ከ.22 ያነሰ ትከሽፋለች፤ የ.22 ማቀጣጠያ ቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን የተቀባ ስለሆነ አንዳንዱ ቦታ ሳስቶ ይገኛል። ከዚህ ውጪ ጉልበቷ ትንሽ ነው።

.32 ለእጅ ምቹ ናት፤ እርግጫዋ ቀላል ነው። ግን የቀለሁ ጠርዝ ከወገቡ በጥቂቱ ወጣ ያለ ነው። ካዝና ውስጥ የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ኋላ ከገባ ሁለቱ ይቆላለፋሉ፣ ስላይዱም አይገፋቸውም። አጭር የሆነው ጎድጓዳ ጥይት ፊት ለፊቱ ባዶ ቦታ ስለሚተው ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተተ ይህን ያመጣል። ከተቆላለፉ ስላይድ ደጋግሞ መሳብ አይፈታም፤ ካዝናውን አውጥቶ የላይኛውን ወደፊት እየገፉ በቀጭን ነገር ማላቀቅ ነው። በ.32 ድቡልቡል ተኩስ የሚባለው ለዚህ ነው።

ዋልተር ፒፒኬን የሚያስብ ካለ፣ እሷ አፈሙዟ የማይንቀሳቀስ፣ ስላይዷ በክብደቱና በሞላው ብቻ የሚዘጋ ናት። ስለዚህ ሞላዋ ጠንካራ ነው፣ ለመሳብም ያስቸግራል፣ እጀታውን ከፍ አድርጎ ለሚይዝ ሰው ስላይዱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ይቧጥጣል። በ.380 ከእጥፍ በላይ ቀላል ከሆኑት ሽጉጦች እኩል ትራገጣለች ቢባል ማጋነን አይደለም።

ስላይድ መሳብ ለሚከብደው ሰው ቤሬታ 21ኤ አለች። አፈሙዟ በቁልፍ ከኋላ ብድግ ይላል፣ ጥይቱን በእጅ ታስገባለህ። ቀለህ ጎታች ጥርስ ግን የላትም፤ ቀለሁን የሚያስወጣው የባሩዱ ግፊት ነው። ጥይት ከከሸፈ ስላይድ መሳብ ዋጋ የለውም፣ 30 ሰከንዱን ጠብቀህ አፈሙዙን ብድግ አድርገህ ታወጣዋለህ።

ቀጭን_ምላጭ፦

ካሊፐር እንዳለው ተለካ። ከአንድ ፓኮ የወጡ ጎድጓዳዎች 24.2 ሚ.ሜ. ሆኑ። ካዝናው ውስጥ ከላይ የሚቀመጠው፣ ሲራገፍ የሚወጣውና ተመልሶ የሚጎርሰው ግን 23.5 ነው። እርሳሱ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው? አፈሙዙ ውስጥ ሁለቱም «ጠቅ» ይላሉ። ካዝና 2 ላይ 30 ተተኩሶ ምንም፣ ካዝና 1 ላይ ሦስት ንክሻ።

ካሊፐር፦

አዎ፣ ገብቷል። በጎረሰ ቁጥር አፍንጫው መንሸራተቻውን እየመታ እርሳሱን ወደ ቀለሁ ይገፋዋል። ጎጆው ውስጥ «ጠቅ» ማለቱ አያድነውም፤ ማጠር ጎጆ ውስጥ አይታይም። ያንን ጥይት አትተኩሰው። ቀለሁ ውስጥ ያለው ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል፣ በዚህ መጠን ሽጉጥ ላይ ደግሞ መቻያ የለም። ለይተህ አስቀምጥና ጥይት ለሚያስወግድ አካል ስጥ፤ ስቦ ማስተካከል አይሞከርም።

ከእንግዲህ ስታራግፍ የወጣውን ጥይት መልሰህ አንደኛ አታድርገው፤ ከስር አስገባው፣ ሌላ ይጉረስ። ሁለት ጊዜ የጎረሰውን ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን አቁመህ አስተያይ፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ሞላ_ቆጣሪ፦

ካዝና 1ን ፍታውና ሞላውን ከካዝና 2 ሞላ ጋር ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። አጥሮ ካየኸው ሞላውን ብቻ ቀይር። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ከንፈሮቹን ጥይቱን በለካህበት መለኪያ ለካ፤ ከካዝና 2 ሰፍተው ከተገኙ በጉጠት አትጨፍልቃቸው፣ አዲስ ካዝና ግዛ። ስትፈታው ክዳኑን በመዳፍህ ሸፍነህ አንሸራት፣ አለበለዚያ ሞላው ዓይን ይመታል።